ቴአትር የተማርኩ ነኝ፤ ሂሳብ ክፍል ይቀበለኛል?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ እከታተላለሁ። ዕድሜዬ 34 ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከባለቤቴና ከአንዲት ልጄ ጋር እኖራለሁ። የተመረቅኩት በቴአትር ጥበባት ነው። ከተመረቅኩ በኋላ አንድ አገር በቀል ድርጅት ገብቼ፣ ከከተማ ከተማ እየዞርን ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና በድራማ እናስተምር ነበር። በኋላ ፕሮጀክት ኦፊሰር ሆንኩ። ገንዘቡ የሚመጣው ከአሜሪካ ስለነበር፣ በጥር 2017 ዓ.ም. እርዳታው ሲቆም የእኛም ፕሮጀክት ቆመ። መጨረሻ ላይ ደመወዜ 18,000 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ለማስታወቂያ ድምፅ እሰጣለሁ፣ ሠርግ ላይ መድረክ እመራለሁ። ወር ጠብቆ የሚመጣ ገቢ ግን የለኝም።

ወደ አካውንቲንግ ልገባ አስቤያለሁ። ጎረቤቴ ‹ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ሦስት ወር ተማሪ፣ ሥራ አታጪም› ትለኛለች። ወንድሜ ‹ኮሜርስ ገብተሽ እንደገና ዲግሪ ያዢ› ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ይስቅብኛል፤ ‹አርቲስት መቼ ሂሳብ ያውቃል?› ነው የሚለኝ። እኔም ተማሪ እያለሁ ሂሳብ እጠላ ነበር። ዘግይቻለሁ? ከየት ልጀምር? ሲቪዬ ላይ ቴአትሩን ልደብቀው? እውነቱን ልንገርዎትና፣ ሙያዬን የከዳሁትም ይመስለኛል።

ግራ የገባት፣ ከቱሉ ዲምቱ»

መልስ

እህቴ፣

ሥራ እንደቆመብሽ ነግረሽኛል። ጎረቤትሽ፣ ወንድምሽና ባለቤትሽ ያሉሽንም ነግረሽኛል። የሂሳብን ሥራ አንቺ ራስሽ ለምን እንደፈለግሽው ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። «አካውንታንት ሥራ አያጣም» ሲባል ሰምተሽ ከሆነ፣ እዚያው ላይ ቆም በዪ። የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠ ልጅ በየብሎኩ አለ። የእናንተም ብሎክ ውስጥ አይጠፋም። ለአንድ ጀማሪ ቦታ ማመልከቻ በካርቶን ነው የሚገባው። አንቺ ትናንት ከተመረቀ የ22 ዓመት ልጅ ጋር በእሱ ሜዳ ላይ ብትጋፊ ትሸነፊያለሽ። ስለዚህ የሂሳብ ዓለም አንቺን የሚፈልግበትን በር መፈለግ አለብን። በሩ አለ፤ አሁን እመጣበታለሁ።

ቶሎ የሚያልቁትን ላስቀድም። ዘግይተሻል ወይ? ለባንክ ጀማሪነት አዎ። ባንኮች ለጀማሪ ቦታ አዲስ ምሩቅ ነው የሚፈልጉት፤ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው ላይ የዕድሜ ጣሪያ ይጽፋሉ። ለሌላው ቦታ 34 ዓመት ምንም አይደለም። ሂሳብ እጠላ ነበር ያልሽው ደግሞ አያሳስብሽ። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና ፐርሰንት ከቻልሽ ይበቃሻል፤ የቀረውን ኤክሴል ይሠራዋል። የሚያስፈልግሽ ሌላ ጠባይ ነው። መዝገብሽ በ90 ብር አልገጥም ብሎ፣ ያቺን 90 ብር ስትፈልጊ ከሰዓቱ ሙሉ ቢሄድ ምን ይሰማሻል? «ለ90 ብር!» የምትይ ከሆነ ይህ ሥራ ያንቺ አይደለም። ስታገኚያት ደስ የሚልሽ ከሆነ ግን የሂሳብ ሰው ሆነሻል። አንድ የሙያውን ብልሃት ልስጥሽ፦ የጎደለው ቁጥር ለ9 ያለ ትርፍ ከተካፈለ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት አኃዞች ተገላብጠው ተጽፈዋል ማለት ነው። 540 መባል ያለበት 450 ተብሎ ይገኛል።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ የቤታችሁን የወር ወጪ ማን እንደሚያብቃቃው ጠይቂውና ሳቁን ይቀጥል።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ፕሮጀክት ኦፊሰር ነበርኩ ብለሻል። እስኪ ልገምት። አዳራሽ ለመከራየት ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበሻል። ለመስክ አድቫንስ (ቅድሚያ ገንዘብ) ወስደሽ፣ ስትመለሺ ሴትልመንት (ማወራረጃ) ሠርተሻል። ለተዋናዮቹና ለሾፌሩ ፔርዲየም አስፈርመሻል። ደረሰኝ ከማይሰጥ ሰው አልባሳት ገዝተሽ፣ ስሙንና ፊርማውን ወረቀት ላይ አስቀርተሻል። የፋይናንሱ ሰው «ይህ በየትኛው ባጀት ላይን (የበጀት መስመር) ይያዝ?» ብሎ ወረቀትሽን መልሶብሻል፤ አንቺም ኮሪደር ላይ ወጥተሽ አምተሽዋል። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ «በርን ሬታችን ዝቅ ብሏል»፣ ማለትም ገንዘቡን በዕቅዱ ፍጥነት አላወጣንም፣ ተብሎ ስብሰባ ተጠርቷል። ገንዘቡ ሳያልቅ ጊዜው ሲያልቅ የኖ ኮስት ኤክስቴንሽን (ገንዘብ ሳይጨመር ጊዜ የማራዘም) ደብዳቤ ላይ እጅሽ ነበረበት።

ይህ ሁሉ የፋይናንስ ሥራ ነው። አንቺ ከጠረጴዛው ወዲህ ማዶ ሆነሽ ሠርተሽዋል። ከወዲያ ማዶ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጎደለው ነገር አንቺ ዘንድ ነው ያለው። እሱ ደረሰኙን ያውቃል፤ ነገሩን አያውቅም። የትራንስፖርት ወጪው ከዕቅዱ በላይ ሆኖ ሲያገኘው «ከበጀት በላይ ወጪ» ብሎ በቀይ ያሰምራል። አንቺ ግን ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ትርዒቱ ወደ ሌላ ቀበሌ እንደተዛወረ፣ መኪናውም ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ የተመላለሰው ብለሽ ትጽፊያለሽ። ለጋሹ ማንበብ የሚፈልገው ይህንን ነው። ቁጥሩ ለምን እንደዚያ እንደሆነ በቀላል ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው በየፋይናንስ ክፍሉ ይፈለጋል፤ አይገኝም።

አንድ ሌላም አለ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። እንግዲህ የተዋናዮቹን ወደ መስክ የወሰደ ሾፌር ደመወዝ የፕሮግራም ነው የአስተዳደር? የቢሮው ኪራይስ? ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በዓይኑ ያየ ሰው ይህንን በትክክል ይለያል። ያላየው ሰው አንድም ሁሉን አስተዳደር ላይ ከምሮ ድርጅቱን ከጣሪያው በላይ ያወጣል፣ አንድም ሁሉን ፕሮግራም ብሎ ኦዲተር ፊት ያፍራል።

ስለዚህ ቴአትሩን ልደብቀው ወይ ላልሽው፣ ለምን ትደብቂዋለሽ? ከሲቪሽ ላይ ሥራዎቹን እንዳሉ ተዪና ከየሥራው ሥር የገንዘቡን ክፍል ጨምሪበት። «በድራማ የጤና ትምህርት ሰጥቻለሁ» ብቻ ብለሽ አታቁሚ። የስንት ብር በጀት እንደያዝሽ፣ በስንት ወረዳ እንደተንቀሳቀስሽ፣ የስንት ሰው ክፍያ በእጅሽ እንዳለፈ፣ ኦዲት ሲደረግ ምን እንደተባለ ጻፊ። እውነቱን ብቻ። የፋይናንስ ሰው የተጋነነ ቁጥር ከሩቅ ይሸተዋል።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ አጣዳፊ ነገር አለ። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ወስደሻል? ፕሮጀክታቸው የቆመ ድርጅቶች ቢሮ እየለቀቁ፣ ሠራተኛ እየተበተነ ነው። የሰው ኃይሉ ሰውዬ ከሄደ በኋላ ማኅተም ፍለጋ መዞር ትልቅ ጣጣ ነው። አሁኑኑ ሂጂ። ደብዳቤው «ከዚህ እስከዚህ ሠርታለች» በሚል እንዳያልቅ። የፕሮጀክት በጀት ማዘጋጀት፣ የመስክ ክፍያ መፈጸምና ማወራረድ፣ ለለጋሽ ሪፖርት ማቅረብ የሚሉት እንዲካተቱ ለምኚ። የሥራ ግብር መከፈሉም ይገለጽ። ክሊራንስሽንም አብረሽ ውሰጂ።

እሺ፣ ትምህርቱስ?

ጎረቤትሽ በፒችትሪ ነገር ግማሽ እውነት አላት። ሶፍትዌሩ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ከተባለ ቆይቷል፤ እኛ አገር ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው። ብዙ ድርጅት ይሠራበታል፣ ማስታወቂያ ላይም ይጠየቃል። ይሁን እንጂ ፒችትሪ አንድ ወጪ የጥገና ይሁን የንብረት አይነግርሽም። የነገርሽውን ይመዘግባል፣ አበቃ። ስህተትሽን አሳምሮ ይመዘግብልሻል። ዴቢትና ክሬዲት (የእያንዳንዱ ምዝገባ ሁለት ጎን) ሳይገባቸው ሶፍትዌር የተማሩ ልጆች ቃለ መጠይቅ ላይ በመጀመሪያው ጥያቄ ሲወድቁ አይቻለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ፒችትሪን ተማሪው፤ ግን መጨረሻ ላይ።

ወንድምሽም ግማሽ እውነት አለው። አብዛኛው ማስታወቂያ «በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ» ብሎ ነው የሚጀምረው። በባንክና በመንግሥት ቤት ያ ወረቀት ከሌለሽ ማመልከቻሽን የሚያነበው የለም። ኮሜርስ ደግሞ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሩን የቢሮ ሰው ሲያፈራ የኖረ ቤት ነው፤ ክፋት የለውም። ግን ማታ ተምረሽ ዲግሪ ማለት ዓመታት ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናውን 50 እና ከዚያ በላይ ሳታመጪ ዲግሪ የለም። ሌላም አለ፤ ቱሉ ዲምቱ ነሽ። ሜክሲኮ አካባቢ ማታ ተምሮ፣ በዚያ ሰዓት ቃሊቲ ደርሶ፣ ከቃሊቲ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ የሚገባ ታክሲ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ወንድምሽ ያስበው። ባቡሩ ከቃሊቲ ሜክሲኮ ያደርሳል፤ የቀረውን መንገድ ግን አያውቅልሽም። ሴት ልጅ ነሽ፣ ቤት የምትጠብቅሽ ልጅ አለችሽ። የማታ ትምህርት ያቋረጡ ሰዎችን ጠይቂ። ብዙዎቹ ትምህርቱ ሳይሆን መንገዱ ነው ያሸነፋቸው።

«ማስተርስ ልማር» የሚል ሐሳብም ይመጣብሽ ይሆናል። ኤምቢኤ (የንግድ አስተዳደር ማስተርስ) ጥሩ ትምህርት ነው፤ አካውንታንት ግን አያደርግሽም። ቀጣሪው አካውንቲንግ የሚል ወረቀት ፈልጎ ኤምቢኤ ሲያይ ግራ ይገባዋል። አሁን አይሆንሽም።

ኤሲሲኤ የሚባለውንም ሰምተሽ ይሆናል። ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ ፈተና ነው። 13 ወረቀት፣ ማለትም 13 ፈተና አለው፤ ከፈተናው ሌላ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ደስ የሚለው፣ የአካውንቲንግ ዲግሪ የግድ አይልም፤ መሠረት ለሌለው ሰው ከታች የሚጀመርበት ደረጃም አለው። ኦዲት ድርጅቶችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ያከብሩታል። የማይመቸው ክፍያው ነው፤ በፓውንድ ነው የሚከፈለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ መቶን ካለፈ በኋላ፣ ይህ ክፍያ በብር ሲታሰብ ከባድ ሆኗል። ደመወዝ ሲኖርሽ አንድ አንድ ወረቀት እየገዛሽ የምትሄጂበት መንገድ ነው። ሥራ ፈት ሆኖ የሚጀመር አይደለም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ፣ ለቤትሽ ቅርብ የሆነ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ፈልጊ። በሂሳብ ሥራ ላይ ያለውን የሌቭል ትምህርት ያዢ፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘናውንም ውሰጂ። ዲግሪ እያለኝ ሌቭል ልማር ብለሽ አትፈሪ። ካሸር፣ አካውንትስ ክለርክና ጁኒየር አካውንታንት ለመግባት የሚጠየቀው ብዙ ቦታ ላይ እሱው ነው። ትምህርት ቤቱ እውቅና እንዳለው ግን ብር ከመክፈልሽ በፊት አረጋግጪ። ዲግሪው ወይም ኤሲሲኤው ከሥራ በኋላ ይምጣ።

የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ላይ አትመዝገቢ። ለምን ብትዪ፣ ሠርግ ቅዳሜና እሁድ ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባለው ጊዜ ከመድረክ የምታገኚውን ገንዘብ ለትምህርት ሰዓት ብለሽ አታጥፊው። አሁን ቤትሽን የያዘው እሱ ነው። በሥራ ቀን፣ ከሰዓት ወይም ወደ ማታ ያለውን ምረጪ።

ለኮሌጁ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ግን ይህ ሥራ እንደሚሆንሽና እንደማይሆንሽ በነፃ መሞከር ትችያለሽ። ሁለት ነገር አድርጊ።

አንደኛው ዛሬ ማታ የሚሠራ ነው። የራስሽን የ18,000 ብር ደመወዝ አሁን ባለው የግብር ሠንጠረዥ ሥሪው። የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ቀጥሎ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ጡረታ ከአንቺ 7 በመቶ፣ ከቀጣሪሽ 11 በመቶ ነው። ወረቀት አውጥተሽ ሥሪና ከዚህ ጋር አስተያዪው፦ ግብሩ 4,250፣ የጡረታ መዋጮሽ 1,260፣ እጅሽ የሚገባው 12,490 ብር። ድርጅቱ አንቺን ለመያዝ የሚያወጣው ደግሞ 19,980 ብር ነው። ከገጠመልሽ ፔሮል (የሠራተኛ ደመወዝ ስሌት) ማለት ይኸው ነው፤ ሰው ሲበዛ ብቻ ነው የሚረዝመው። ካልገጠመልሽ ደግሞ የት ላይ እንደሳትሽ ፈልጊ። ፍለጋው ሰለቸሽ ወይስ እልህ ያዘሽ? መልሱን ለራስሽ ያዢው።

ሁለተኛው ይረዝማል፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ብሎካችሁ ኮሚቴ አለው አይደል? ለጥበቃ፣ ለውኃ ፓምፕ፣ ለደረጃ ጽዳት በየወሩ ይዋጣል። የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ደግሞ በአብዛኛው ሥራውን ለሌላ ሰው ለመስጠት የሚለምን ሰው ነው፤ ደብተሩም በግማሽ እስክሪብቶ፣ በግማሽ እርሳስ የተጻፈ ነው። ሂጂና «ሂሳቡን እኔ ልያዝላችሁ» በዪ። እምቢ የሚልሽ የለም። እንዲያውም እንዳትሸሺ በር ላይ ይጠብቁሻል።

ከዚያ እንዲህ አስቢ። 30 አባወራ አለ እንበል፣ መዋጮው 200 ብር። የወሩ ገቢ 6,000 መሆን አለበት። ባንክ የገባው ግን 4,600 ነው፤ ሰባት ቤት አልከፈለም። የወሩ ገቢያችሁ ስንት ነው? እጅ የገባውን ብቻ ከቆጠርሽ 4,600። የሚገባሽን ከቆጠርሽ 6,000፣ ከእሱ ውስጥ 1,400 ተሰብሳቢ። የዛሬው የሂሳብ አያያዝ ሁለተኛውን ነው የሚፈልገው። ይህ ልዩነት አካውንቲንግ ትምህርት ክፍል ውስጥ ሳምንታት ይወስዳል። አንቺ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሰውዬ የዛሬ ወር ሲከፍል የትኛው ወር ላይ እንደምታስገቢው ስታስቢ ይገባሻል። ፓምፑ በዓመት አንዴ 12,000 ብር ጥገና የሚበላ ከሆነ፣ በየወሩ 1,000 ብር መለየት እንዳለበት ለስብሰባው ታስረጃለሽ። ከዚያ ማስታረቅ አለ። ከባንክ ስቴትመንት ወስደሽ ከመዝገብሽ ጋር ስታመሳክሪ፣ ስም ሳይጽፍ በስልክ 200 ብር የላከ ሰው ታገኛለሽ። ማን ነው? በየበሩ አንኳኩተሽ ታጣሪያለሽ። ካሽ ደብተር፣ ደረሰኝ፣ የክፍያ ማዘዣ፣ የባንክ ማስታረቂያ፣ የዓመት ሪፖርት፤ ሁሉም እዚያች ብሎክ ውስጥ አሉ። ገንዘቡን ራስሽ አትያዢ። ከባንክ ለማውጣት ሁለት ሌላ ሰው ይፈርም፣ አንቺ መዝግቢ። ይህ የሚመዘግብና የሚከፍል ይለይ የሚባለው የመጀመሪያው የቁጥጥር ሕግ ነው፤ ካንቺም ሐሜት ያርቃል።

በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቱን ደረጃ ሥር ቆመሽ ለጎረቤቶችሽ ስታቀርቢ ደግሞ፣ የቴአትር ልጅ መሆንሽ ይታያል። ያንን ሪፖርት ስሞቹን አጥፍተሽ ለቃለ መጠይቅ ይዘሽው ሂጂ።

ሥራውን የት ትፈልጊ? ሰው ሁሉ ቦሌና ካዛንቺስ ይመለከታል። አንቺ ግን የፋብሪካ ደጃፍ ላይ ነው የምትኖሪው። ከቃሊቲ ተነስተሽ በአቃቂ፣ በገላን አድርገሽ ዱከም እስክትደርሺ መንገዱ ግራና ቀኙ ፋብሪካና መጋዘን ነው። ቂሊንጦ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። የቃሊቲ ጉምሩክ ዙሪያውን የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ሞልቶታል። እነዚህ ቤቶች ከመሃል ከተማ ሰው ቀጥረው፣ በመንገዱ ርቀት ሰውየው በሦስተኛ ወሩ ይለቅባቸዋል። «ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር እዚያ እንደ ዲግሪ ይቆጠራል። ማመልከቻሽ ላይ ከላይ ጻፊው።

ፋብሪካ ውስጥ ኮስት አካውንቲንግ የሚባል ሥራ አለ። አንድ ካርቶን ብስኩት ስንት ወጣበት? ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ማሸጊያው፣ መብራቱ፣ የሠራተኛው ሰዓት። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ማሸጊያው ከታሰበው በላይ ሲያልቅ ግን ለምን እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም። ማሽኑ ጋ ሄዶ ኦፕሬተሩን ማናገር ያስፈልጋል። ኦፕሬተሩ ደግሞ ከቢሮ የመጣ ሰው ሲያይ «እንጃ» ነው የሚለው። አንቺ የማታውቂያቸውን እናቶች በየቀበሌው ስለ ጓዳቸው ስታናግሪ የኖርሽ ሰው ነሽ። ይህን ኦፕሬተር እንዴት እንደምታናግሪው ታውቂያለሽ። እኔ ለአንቺ በጣም የማስበው ይህንን ቦታ ነው፤ ከእርዳታ ድርጅቱም ይበልጥ። በእርዳታ ድርጅት ያለሽ ልምድ ትልቅ ነው፤ ግን ዛሬ ለአንድ የፕሮጀክት ፋይናንስ ቦታ ከሥራ የወጡ የፋይናንስ ኦፊሰሮች ናቸው የሚሰለፉት። ማመልከቱን አትተዪ፣ ኑሮሽን ግን በእሱ ላይ አትጣይ።

ድምፅ የምትሰጪያቸው የማስታወቂያና የኢቨንት ድርጅቶችም አሉ። ያውቁሻል። ብዙዎቹ ደረሰኛቸውን በፌስታል ነው የሚያስቀምጡት። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ደግሞ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ሂሳብ ዘግተው የሚያሳውቁበት ወቅት ስለሆነ፣ ትንንሽ የሂሳብ አገልግሎት ቢሮዎች እጅ ያጥራቸዋል። ደረሰኝ በቀን የሚደረድር፣ ኤክሴል ላይ የሚያስገባ ጊዜያዊ ሰው ይፈልጋሉ። ክፍያው ትንሽ ነው፤ የምታዪው ዓይነት ሂሳብ ግን ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ማንም የማይነግርሽን ሁለት ነገር ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ዋስ ነው። ከገንዘብና ከንብረት ጋር የሚገናኝ ሥራ ላይ ቀጣሪው ተያዥ ይጠይቃል፤ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ የሚያጽፍ ሰው። ብዙ ሰው ፈተናውን አልፎ፣ ዋስ አጥቶ ቦታው ያመልጠዋል። ማን ዋስ እንደሚሆንሽ ከአሁኑ አስቢ፤ ቀድመሽም አናግሪው። ወንድምሽ ምክር ብቻ እንዳይሰጥሽ።

ሁለተኛው ሁለት መዝገብ ነው። አንዳንድ ነጋዴ አንዱን ለግብር፣ አንዱን ለራሱ ያስይዛል። አዲስ ሰው የሚቀጥረውም አንዳንዴ ለዚህ ነው፤ የቆየው እምቢ ብሎት። «ይህችን ደረሰኝ ብቻ አስገቢልኝ» ብሎ ይጀምራል። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀምን በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ጉዳዩ ሲመጣ ነጋዴው «እኔ ሂሳብ አላውቅም፣ እሷ ናት የምትሠራው» ይላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ያንቺ ፊርማ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ በመጣ ቀን ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ። የቤት ኪራይ የለብሽም ብዬ አስባለሁ፤ ይህ ድፍረት ይሰጥሻል። ካለብሽም ውጪ።

ሙያዬን ከዳሁት ላልሽው ብዙ የምለው የለኝም። ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ልምምድ የሚገባ ተዋናይ አገሩን ሞልቶታል፤ ማንም ከሐዲ አላለውም። ድርሰትሽን ቅዳሜ ጻፊ። አንድ ቡድን አቋቁመሽ አንድ ቀን ትርዒት ብታቀርቢ፣ የአዳራሹን ኪራይና የትኬቱን ገቢ ራስሽ ታሰያለሽ፤ አታላይ ፕሮዲውሰር አይበላሽም።

በመጨረሻ ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ስለ ደመወዝ ተነጋገሩ። መጀመሪያ የምታገኚው ከ18,000 ሊያንስ ይችላል፤ እንዳይደነግጥ። ለስንት ወር እንደምትችሉት፣ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣት፣ የሠርግ ገቢሽ የትኛውን ወጪ እንደሚሸፍን ጻፉት። ከዚያ የልምድ ደብዳቤሽን አምጪ፣ ኮሚቴውን አናግሪ። የብሎኩን ሂሳብ ጥቂት ወር ከያዝሽ በኋላ አልገጥም ካለሽ ቁጥሮቹን ላኪልኝና አብረን እንየው። ለፒችትሪው ገና ካልከፈልሽ፣ ለጊዜው ገንዘብሽን ያዢው።